እሸቱ ለባለባርኔጣው

የእንዳለውን ፕሮፖዛል ያስመለሰው ዓሣ ነው። አዎ፣ ዓሣ! ቆቦ ላይ! እኔም ስሰማ እንደናንተው ነው የሳቅሁት።

እንዳለው የማሽላ ተመራማሪ ነው። ዕድሜው አርባ አንድ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ የገለባ ባርኔጣው ደግሞ ከትከሻው የሰፋ። ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የምርምር ማሳ ላይ አራት ክረምት ሙሉ ማሽላን ከማሽላ ሲያዳቅል፣ ሲዘራና ሲለካ ኖሯል። የሚፈልገው ዝናቡ ቀድሞ ቢቆም እንኳ የሚደርስ ማሽላ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በዚህ ማንም አያማውም። ሃያ አራቱን ዝርያዎቹን በቁጥር ይጠራቸዋል፤ የልቡ ወዳጅ ግን ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ዘለላው የሕፃን ራስ የሚያህል።

ችግሩ ያለው ገንዘብ ለመጠየቅ በሚጻፈው ወረቀት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ሰባተኛው ክፍል «ጥናቱ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም» ይላል። እንዳለው እዚህች ላይ ሲደርስ አስቦ አያውቅም። ምን ያስባል? ተዘጋጅታ የተቀመጠች ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ጥናቱ ሲጠናቀቅ የአካባቢው ኅብረተሰብ ዘርፈ ብዙ ተጠቃሚ ይሆናል።» ከእሱ በፊት የነበረው ተመራማሪ ነው ያወረሰው፤ ያም ከሌላ ወርሷት ነበር። ፍየል ላይ ሠርታለች፤ ሽንብራ ላይ ሠርታለች፤ ንብ ላይም ሠርታለች። ዘንድሮ ግን እንዳለው ቸኮለና ሐይቅ ዳር ከሚሠራ ጓደኛው ሰነድ ላይ ገልብጦ ለጠፈ። «ሃምሳ ሺህ ዓሣ አርቢ አባወራዎች» የምትለዋን ሳያያት አለፈ።

ሰኞ ጠዋት የገምጋሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ሊድያ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«አቶ እንዳለው፣ ቆቦ ቆላ ላይ ስንት ዓሣ አርቢ አለ?»

«ዓሣ?»

«ሃምሳ ሺህ ይላል እኮ እዚህ።»

እንዳለው ሰነዱን ከፈተና አየ። ጆሮው ጋለ። ዘጠኝ ወር ደርቆ ሦስት ወር ሰው በሚወስድ ወንዝ ውስጥ ሃምሳ ሺህ አባወራ መረብ ይዞ ቆሞ ታየው።

«የጽሕፈት ስሕተት ነው» አለ፣ ድምፁ ቅጥን ብሎ።

«ይሁን። ዓሣውን ብናወጣው ግን ምን ይቀራል?» አለች ሊድያ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን አትለቅም። «ማን ይጠቀማል? የለም። ምን ያገኛል? የለም። እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ? እሱም የለም። ማሽላዎትን ኮሚቴው ወዶታል። ሰባተኛው ክፍል እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ግን ይወድቃል።»

ስልኩ ሲዘጋ እንዳለው ወንበሩ ላይ ቀረ። መውደቅ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ነገሩን ቀድመው ጨርሰውታል፤ ገንዘብ ካልመጣ ማሳው ዘንድሮ ለሽንኩርት ክፍል ይሰጣል። ሃያ አራቱ ዝርያዎች በወረቀት ከረጢት ታሽገው መጋዘን ይገባሉ። የቆቦ ሙቀትና ነቀዝ ተባብረው ምን እንደሚያደርጓቸው ደግሞ ለተመራማሪ አይነገረውም። አራት ዓመት ዱቄት ሆነ ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ እንዳለው ክፉኛ አልደነገጠም፤ የተማረ ሰው ነዋ! ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መጠይቅ አዘጋጀ። አንደኛ ጥያቄ፦ «ከአዲሱ ዝርያ በሄክታር ስንት ኩንታል ይጠብቃሉ?» ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እስከ ሃያ ዘጠኝ። ረቡዕ ጠዋት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ መጠይቁን በብብቱ ይዞ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ ከምርምር ማሳው ወዲያ ማዶ ወዳለው መንደር ሄደ። አራት ዓመት ሲመላለስ መንደሩን ከመንገድ ሆኖ ነው የሚያየው። ገብቶበት አያውቅም።

የመንደሩ ሰው ከእርሻው ዳር፣ ትልቁ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሳለ ደረሰ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ንፍሮ መሐል ላይ ተቀምጦ። እንዳለው ደስ አለው። «ቤት ለቤት ከመዞር ገላገሉኝ» አለ በልቡ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ ሰጠ፤ ቦታ ለቀቁለት፤ ንፍሮ በእጁ አፈሱለት። መሐል ላይ ሸህ ኡበይድ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቃል እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ከጎናቸው አራጌ አለ፤ ገበሬ ነው፣ አፉ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ወዲያ ጫፍ ላይ ደግሞ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ባልቴት አለች። እሷን እንኳ እንዳለው ያውቃታል፤ የምርምር ማሳው ወፍ ጠባቂ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ይጠቅመናል። ይህች ሴት አራት ክረምት ሙሉ ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፍ ስታስጮህለት ኖራለች። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ አልፎ አልፎ እሸት ጠብሳ፣ በቅጠል ጠቅልላ ጥላው ሥር ታመጣለታለች። ትኩስ ነው፤ ይጣፍጣል። እንዳለው ሙልጭ አድርጎ ይበላና መዝገቡን አውጥቶ «በወፍ የተበላ፦ ሁለት ዘለላ» ብሎ ይጽፋል። ከእሱ ማሳ የቆረጠችው ነው የመሰለው። አንድም ቀን አልተናገራትም፤ በዚህ ደግነቱም ራሱን በጣም ያደንቅ ነበር።

ወደ ቁርቁራው እንመለስ። እንዳለው ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ማሽላው አወራ፤ በጥሞና ሰሙት። ከዚያ መጠይቁን ገለጠ።

«እንግዲህ ይህ አዲስ ዝርያ ቢዘራላችሁ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ትጠብቃላችሁ?»

ንፍሮ የሚያላምጠው እንኳ አቆመ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሸህ ኡበይድ።

አንዲት ሴት በቀስታ አማተበች። እንዳለው ጥያቄው የከበዳቸው መስሎት «ግምት ነው፣ በግምት» ብሎ አባሰው።

«አንተ ልጅ» አሉ ሸህ ኡበይድ፣ «ሚስት አለችህ?»

«የለችኝም።»

«ብትኖርህና ብታረግዝልህ፣ ልጁ ስንት ኪሎ ነው ብለህ ገና በሆዷ ሳለ ሚዛን ይዘህ ትመጣለህ?»

ሳቁ ፈነዳ። አራጌ ጭኑን እየመታ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ይኸ ደግሞ ወተቷን በጣሳ ለክቶ መጣ!» አለ።

«አብሽር፣ አትደንግጥ» አሉ ሸህ ኡበይድ፣ እሳቸውም እየሳቁ። «ያልተዘራ አይቆጠርም፤ በረካው ይሸሻል። ከዘር በፊት እዚህ ዛፍ ሥር የምንሰበሰበው ‹ስንት› ለማለት አይደለም፤ ‹ለማን› ለማለት ነው። ዱዓ እናደርጋለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተነሥቶ ከማሳው የትኛው ለማን እንደሆነ በሰው ፊት ይናገራል። ያው ነው። ከአጨዳ በኋላ ስትፈልግ በኩንታል፣ ስትፈልግ በማንኪያ ቁጠረው።»

«ተናግሮ የማይሰጥ ሰውስ?» አለ እንዳለው። የተመራማሪ ጥያቄ ናት፤ መጥፎ አይደለችም።

ሁሉም ወደ አራጌ ዞረ። አራጌ የንፍሮውን ባቄላ በጥንቃቄ ይመረምር ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አራጌ፣ በሬው ለሞተበት ለጎረቤቱ ለአብዱሰመድ «የገደሉ ጥግ ያንተ ነው» ብሎ ተናገረ። የገደሉ ጥግ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ መሬት እንኳን ማሽላ እሾህም በልመና ነው የሚበቅለው። አላህ ሲያመጣው ግን በዚያ ክረምት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ደለሉን ሁሉ አምጥቶ እዚያው ጥግ ላይ ደፋው! ማሽላው ከሰው ቁመት አለፈ። አራጌ ሌሊት እንቅልፍ አጣ። «በወዲያኛው ጥግ ብንለውጠውስ» ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ በማግስቱ መንደሩ በሙሉ መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ። ማንም አልተናገረውም፤ እንደ ቀብር ቆሙ እንጂ። አራጌ ማጭዱን ጥሎ «ውሰደው! ውሰደውና ገላግለኝ!» አለ።

እንዳለው ብዕሩን ይዞ ፈዘዘ። ማን፣ ምን ያገኛል፣ እንዴት ይታወቃል፤ ሊድያ የጠየቀችው ሁሉ እዚህ ዛፍ ሥር በየዓመቱ ሲመለስ ኖሯል ለካ!

«የኛ እንኳ አንተ ሳትመጣ አልቋል» አለ አራጌ፣ ወሬውን ከራሱ ለማራቅ ቸኩሎ። «ይልቅ አንተ ንገረን። አንተም ዘሪ ነህ። ለማን ብለህ ነው የምትዘራ?»

እንዳለው አፉ ላይ ያለችው ያችው ናት።

«ለአካባቢው ኅብረተሰብ።»

«እሱ ደግሞ ማነው? ቤቱ የት ነው?»

«የማን ልጅ ነው?» አለ ሌላው።

«ይኸ ሰውዬ እኮ ታድሏል!» አለ አራጌ። «አስፋልቱን ሲሠሩ ለእሱ ነው አሉ፤ ጉድጓዱን ሲቆፍሩም ለእሱ ነው አሉ። እስካሁን ግን አንድ ቀን ገበያ ላይ አላገኘሁትም!»

እንዳለውም ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ሸህ ኡበይድ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አበረዱት።

«አንድ ሰው ጥራ» አሉት። «አንድ ይበቃል። ከማሳህ ምን ለማን?»

እንዳለው ዙሪያውን ቃኘ። ሠላሳ ሰው ያየዋል። አራት ዓመት በእነዚህ ሰዎች ደጅ አልፏል። ሃያ አራት ዝርያ ከነአባት ከነእናታቸው ይቆጥራል፤ የየአንዳንዱን የአበባ ቀን በቃሉ ያውቃል። ከእነዚህ ሰዎች ግን የአንዱንም ስም አያውቅም። ዓይኑ ወፍ ጠባቂዋ ላይ ሲያርፍ ተስፋ አደረገ። የእሷንም ስም ግን አያውቅም። መዝገቡ ላይ «ወፍ ጠባቂ» ነው የምትባለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም፤ ዓሣውም ቢሆን እንዲህ አላሳፈረውም።

ባልቴቷ አየችውና አዘነችለት።

«የሺ ነው ስሜ» አለች። «በል ጥራኝ።»

«ለ… ለእትዬ የሺ» አለ እንዳለው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «ምን ልስጥዎት?»

«አገዳውን።»

«አገዳውን? ፍሬውን አይፈልጉም?»

«ፍሬው ለኛ፤ አገዳው ለላሜ። ድርቅ የመጣ ዓመት ላሜ ከሞተች ፍሬ ቢኖር ብቻዬን ምን ያደርግልኛል? ያ የምትወደው አጭሩ ማሽላህ እኮ አገዳው የጥርስ መፋቂያም አይሆን! ስትጥሉት ወስጄ ሰጥቻት አሽታ ትታዋለች። ወደ ዳር ያለው ግን፣ ቀይ ክር ያሰርክበት፣ እሱን ከነሥሩ ነው የምትግጠው።»

ቀይ ክር ያለው አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። ፍሬው ከዘጠኝ ቁጥር ጥቂት ያንሳል፤ በዚህ የተነሣ እንዳለው ዘንድሮ ሊጥለው ነበር። ከአበባ ቀን እስከ ፍሬ ክብደት ሁሉን ሲለካ ላሟ የምትወደውን አንድም ቀን አልለካም። የየሺ ላም ግን አራት ዓመት ስትመረምርለት ኖራለች፤ የጠየቃት የለም እንጂ!

«የአሥራ ሰባት ቁጥር አገዳ ለእትዬ የሺ» አለ እንዳለው፣ አሁን ጮክ ብሎ።

«አሚን!» አሉ። አለቀ። ታሰረ። እንደ አራጌ።

ከዚያ እንዳለው ሃያ ዘጠኙን ጥያቄ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሸህ ኡበይድን የተነገረውን ሁሉ እንዲያጽፉት ለመናቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከራስ እስከ ጅራት ወረዱት። «መንሱር፦ የላይኛው ትልም ለእኅቱ ልጆች። ሰላሁዲን፦ የመንገድ ዳሩ ለመንገደኛ።» እንዳለው ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ከማሽላው ምን እንደሚሻም እየጠየቀ ከጎኑ ያሰፍራል። «አራጌ፦ የገደሉ ጥግ ዘንድሮም ለአብዱሰመድ።»

«ምን ላድርግ፣ ለምዶበታል» አለ አራጌ።

«የሺ፦ ቦይ ማዶ ካለችው ማሳዋ፣ ቃርሚያው ለወፍ፣ እሸቱ ለባለባርኔጣው።»

ዛፉ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ነከሰ። አንዲት ልጃገረድ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እንዳለው አንገቱን እንደ ደፋ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ፣ «እሸቱ ለባለባርኔጣው» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈና «ቀጥሎስ?» አለ። ኧረ ልብ ይስጥህ!

ሐሙስ ሰባተኛውን ክፍል እንደ አዲስ ጻፈው። ሠላሳ አንድ ሰው፣ በስም፣ እያንዳንዱ ከማሽላው ምን እንደሚፈልግና ለማን እንደሚያካፍል። ዘጠኝ ቁጥርን እየሳሳ አወጣና አሥራ ሰባትን አስገባ። ኩንታል የሚል ቃል አልጻፈም፤ ከግርጌው «ብዛቱ ከአጨዳ በኋላ፣ እነዚሁ ሰዎች ባሉበት ይቆጠራል» አለ። ዓርብ ጠዋት ላከው።

ሊድያ በሳምንቱ ደወለች።

«አቶ እንዳለው፣ ከሃምሳ ሺህ ወደ ሠላሳ አንድ ወረዱ።»

«ሠላሳ አንዱን አውቃቸዋለሁ» አለ እንዳለው። «ሃምሳ ሺዎቹን አላውቃቸውም ነበር።»

ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

«ኮሚቴው ተቀብሎታል» አለች ሊድያ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። አሥራ አራተኛዋ፣ ወይዘሮ የሺ፣ እሸቷን ‹ለባለባርኔጣው› ትላለች። የሁሉም ስም አለ፤ የዚህ ሰውዬ ብቻ የለም። ስሙንና ምን እንዳገኘ እስከ ነገ ይላኩልኝ፤ ያኔ ይፈረማል።»

እንዳለው ባርኔጣውን ከምስማሩ ላይ አንሥቶ፣ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ባለባርኔጣውን ሊፈልግ ሄደ!

የሺ ግቢዋ ውስጥ ዘር ስትለቅም አገኛት። ላሟ በረት ደጃፍ ቆማ ታመሰኳለች።

«እትዬ የሺ፣ እሸት የሚሰጡት ባለባርኔጣ ማነው? ስሙን አስቸኳይ እፈልገዋለሁ።»

የሺ ቀና ብላ አየችው። ባርኔጣውን አየች። እሱን አየች። ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንተ ነሃ! ሌላ ማን አለ እንዲህ ያለ ጣራ የተሸከመ?»

እንዳለው አልገባውም፤ ከዚያ ገባው። ቅጠሉ ታወሰው፤ ትኩሱ እሸት፤ መዝገቡ። «በወፍ የተበላ፦ ሁለት ዘለላ።» አራት ክረምት።

«ከኔ… ከምርምር ማሳው የቆረጡት ነበር የመሰለኝ» አለ። መናገር ባይፈልግም ወጣው።

«ካንተ ማሳ!» አለች የሺ። አልተቆጣችም፤ ይልቅ የማሽላዋ ክብር ተነካ። «እዚያ ድንክ ማሽላ ላይ ደግሞ ምን እሸት ይቆረጣል! ከራሴ ነው፤ በየዓመቱ ቁርቁራው ሥር የማስይዝልህ።»

«ስሜን እንኳ አያውቁም እኮ!»

«ስምህን አላውቅም። ሲርብህ ግን አውቃለሁ፤ እርሳስህን ታኝካለህ።» ሰፌዷን መልሳ አነሣች። «ለመሆኑ ማን ልበልህ?»

«እንዳለው» አለ።

እዚያው አጥሩ ሥር ቆሞ ለሊድያ ደወለላት።

«ስሙን አገኘሁት። እንዳለው ይባላል።»

«እንዳለው? እንደ እርስዎ?»

«እኔው ነኝ።»

ሊድያ ሳቋን ለመያዝ ብትታገልም አልሆነላትም። «እሺ፤ ያገኘው ጥቅም ምን ተብሎ ይሞላ?»

«አራት ክረምት እሸት በልቷል።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«መዝገብ አለኝ» አለ እንዳለው። «‹በወፍ የተበላ› ይላል፤ ይስተካከላል። ወፉ እኔ ነበርኩ።»

ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል የሺ ከጎኗ ያለውን በርጩማ እየጠቆመችው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠና ዘሩን አብሯት ይለቅም ጀመር።